ከመርከቡ ስም ወደ ሠሪው ፊርማ
በቪክቶሪያ ዘመን በቅኝ ግዛት ጋዜጦች ስለወጡ የሸቀጥ ማስታወቂያዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት ለአደባባይ ንግግር የሚበቃ አይመስልም፤ ሳሙና፣ ሻማ፣ ክኒን፣ የጣሳ ወተት፣ የፀጉር ዘይት ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችባቸው ከ1837 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት ግን በሲድኒና በሜልበርን፣ በቦምቤይና በካልካታ፣ በኬፕ ታውንና በሌጎስ የሚታተሙ ጋዜጦች ብዙ ገጻቸውን የሚሰጡት ለእነዚሁ ነበር። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ወደ እኛ ታሪክ ስንመልሳቸው ከዘመነ መሳፍንት መገባደጃ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ይደርሳሉ።

ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ማስታወቂያዎች ስለ ሸቀጥ ከሚነግሩን ይበልጥ ስለ እምነት ይነግሩናል። በሜልበርን ሳሙና የሚገዛው ሰው ሳሙናውን የሠራውን አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አይችልም፤ በመካከላቸው የወራት ባሕር አለ። ታዲያ የማያውቁትን ሰው ዕቃ፣ ያውም የሚዋጥ መድኃኒት ሲሆን፣ ምን ተማምነው ይገዙታል? ማስታወቂያው ለዚህ ጥያቄ መልስ የተፈለገበት ቦታ ነበር። መልሱ በስልሳ ዓመት ውስጥ ተለወጠ፤ በመለወጡም የንግዱን አዛዥነት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አሻገረው። መጀመሪያ ጋዜጦቹ ምን ይመስሉ እንደነበር ባጭሩ እናገራለሁ፤ ቀጥሎ ለውጡን አሳያለሁ፤ መድኃኒቶቹ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ በመጨረሻም በዚህ አነጋገር ላይ ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ከባድ ተቃውሞዎችን እመልሳለሁ።

በ1850ዎቹ የታተመ «ሲድኒ ሞርኒንግ ሄራልድ» ያነሣ ሰው የፊት ገጹ ላይ ዜና አያገኝም። ገጹ ከራስጌ እስከ ግርጌ በጠባብ አምዶች የተደረደረ፣ በደቃቅ ፊደል የተለቀመ ማስታወቂያ ነው፤ ዜናውን የፈለገ ወደ ውስጥ ይገልጣል። ጋዜጣው ይህን ልማድ የተወው በ1944 ነው። ይህ የአቀማመጥ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የጋዜጦቹ ስምና የባለቤቶቻቸው ሥራ ይመሰክራሉ። የቦምቤዩ ጋዜጣ በ1838 ሲቋቋም «ቦምቤይ ታይምስ ኤንድ ጆርናል ኦቭ ኮሜርስ» ተባለ፤ ዛሬ የምናውቀውን «ታይምስ ኦቭ ኢንዲያ» የሚለውን ስም ያገኘው በ1861 ነው። በሌጎስ በ1880 «ሌጎስ ታይምስ ኤንድ ጎልድ ኮስት ኮሎኒ አድቨርታይዘር»ን ያቋቋመው ሪቻርድ ቢል ብሌዝ ባለጸጋ አፍሪካዊ ነጋዴ ነበር። ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ገና ከቪክቶሪያ በፊት፣ በ1800 የኬፕ ታውንን የመጀመሪያ ጋዜጣ ያወጡት ዎከርና ሮበርትሰን የተባሉ ነጋዴዎች ከሚነግዷቸው ነገሮች አንዱ ሰው ነበር፤ በጋዜጣቸውም የባሪያ ሽያጭ ከሌላው ዕቃ ጋር ይታወጅ ነበር። እንግዲህ በቅኝ ግዛት ጋዜጣ ገበያው በኋላ የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሠራው እሱ ነው።

አሁን ወደ አምዶቹ እንግባ። በ1840ዎቹ የወጣ አንድ የተለመደ ማስታወቂያ ከላይ ትንሽ የመርከብ ሥዕል አለበት፤ ሥዕሉ ማተሚያ ቤቱ ለመጣው መርከብ ሁሉ የሚጠቀምበት ያው አንዱ የእንጨት ቅርጽ ነው። ከሥሩ የመርከቡ ስም ይጻፋል፤ ከዚያ መርከቡ ያራገፈው ይዘረዘራል፤ ሻይ በሣጥን፣ ቅቤ በበርሜል፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ሸራ፣ ሚስማር፣ ቢራ፣ ኮምጣጤ። መጨረሻ ላይ የአስመጪው ነጋዴ ስምና የመጋዘኑ ቦታ ይመጣል። ሳሙናውን ማን እንደሠራው አይነገርም፤ «ምርጥ» ይባላል፣ ያበቃል። የሠሪው ስም ቀርቶ የመርከቡ ስም የሚጻፍበት ምክንያት ግን ጠንካራ ነበር። ከለንደን ሲድኒ በሸራ መርከብ ሦስትና አራት ወር ይፈጃል። ቅቤው ይሻግታል፣ ሻይው እርጥበት ይጠጣል፣ ጨርቁ በጨው ውኃ ይበላሻል፤ በባሕር ውኃ የተጎዳ ዕቃ በጨረታ እንደሚሸጥ የሚያስታውቁ ጽሑፎችም እዚያው አምድ ውስጥ ሞልተዋል። በሌላ በኩል የመርከቦች መግቢያና መውጫ በዚያው ጋዜጣ ይወጣል። ስለዚህ አንባቢው ዕቃው መቼ እንደደረሰና ስንት ወር ባሕር ላይ እንደቆየ ራሱ ሊያመሳክር ይችላል። የመርከቡ ስም የሚጣራ ማስረጃ ነበር። የቀረው እምነት ያረፈው በነጋዴው ላይ ነው፤ ቅቤው የሸተተ እንደሆነ መጋዘኑ የት እንዳለ ይታወቃል፣ ሰውየውም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

ይህ ሥርዓት ከ1850ዎቹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ተናደ። አንደኛው ምክንያት ማሸጊያ ነው። ዕቃ በበርሜልና በጆንያ ከመምጣት ይልቅ ለአንድ ቤተሰብ በሚበቃ ጠርሙስ፣ ጣሳና መጠቅለያ ውስጥ ገብቶ መምጣት ጀመረ። ሬዲንግ የሚገኘው የሃንትሊ ኤንድ ፓልመርስ ፋብሪካ ብስኩቱን በቆርቆሮ ጣሳ አሽጎ በየአህጉሩ ላከ። በ1866 በስዊዘርላንድ ቻም ከተማ የተመሠረተው የአንግሎ ስዊስ ኩባንያ ወተቱን አወፍሮ በጣሳ አሸገ፤ ጣሳው ላይ ያለችው ወተት ተሸካሚ ልጃገረድ ማንበብ ለማይችልም ሰው ምልክት ሆነች። ዕቃ በመጋዘን ሲመዘንና ሲቀዳ ጥራቱን የሚያውቀውም የሚያበላሸውም ነጋዴው ነው፤ ዕቃ ታሽጎ ሲመጣ ግን ነጋዴው የተዘጋ ጣሳ ከመደርደሪያ አንሥቶ ከማቀበል ያለፈ ድርሻ የለውም። ሁለተኛው ምክንያት በእንግሊዝ አገር የማስታወቂያ ቀረጥ በ1853፣ የጋዜጣ ቴምብር ቀረጥ በ1855፣ የወረቀት ቀረጥ በ1861 መነሣታቸው ነው። ጋዜጣ ረከሰ፣ ተበራከተ፤ አምራቾችም ለማስታወቂያ ብቻ የሚመደብ ከፍተኛ ገንዘብ መያዝን ለመዱ። በአገራቸው የለመዱትንም ወደ ቅኝ ግዛቶቹ አሻገሩት። ሦስተኛው ምክንያት ሕግ ነው። በ1875 የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባ ሕግ ስምንና ሥዕልን ንብረት አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት በጥር 1 ቀን መዝገቡ ሲከፈት ቁጥር አንድ ሆኖ የተመዘገበው የባስ ቢራ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነበር።

ውጤቱ በአምዶቹ ላይ በዓይን ይታያል። በ1880ዎቹ የመርከቡ ስም ከሸቀጥ ማስታወቂያ ላይ እየጠፋ ሄዷል፤ በትልቁ የሚጻፈው የሠሪው ስም ነው። ያ ቀድሞ ዋስ የነበረው አስመጪ ነጋዴ በመጨረሻው መስመር ላይ በደቃቅ ፊደል «ወኪል» ተብሎ ይጠቀሳል። የማስታወቂያውንም ቃል እሱ አልጻፈውም፤ ከለንደን ወይም ከሊቨርፑል ተዘጋጅቶ በፖስታ መጥቷል። ደንበኛው ነጋዴውን «ምን ጥሩ ሳሙና አለህ?» ከማለት ይልቅ «ሰንላይት አለህ ወይ?» ማለት ጀመረ። ዊልያም ሌቨር «ሰንላይት» የሚለውን ስም በ1884 ሲያስመዘግብ የሚፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነበር። ወደብ ላይ ያለው ነጋዴ ለዘመናት የያዘው የመምረጥና የመመስከር ሥልጣን ወደ ፋብሪካው ተሻገረ ያልሁት ይህን ነው፤ በጣም ጸጥ ያለ ዝውውር ስለነበረ በዘመኑ ብዙ ያጉረመረመ ሰው አይታይም።

ስም ንብረት ሲሆን ሌባም ይበዛበታል። የዉስተርሻየር ሶስ ሠሪዎቹ ሊ ኤንድ ፔሪንስ የነሱን የሚመስሉ ብዙ ጠርሙሶች ገበያውን ስላጥለቀለቁት በ1870ዎቹ ፊርማቸውን በጠርሙሱ ወረቀት ላይ ማተም ጀመሩ፤ በቅኝ ግዛት ጋዜጦች ያወጧቸው ማስታወቂያዎችም ስለ ሶሱ ጣዕም ከመናገር ይልቅ ፊርማውን አይታችሁ ግዙ የሚል ማሳሰቢያ ላይ ያተኩራሉ። መርካቶ ገብቶ «ኦሪጅናሉ ነው?» ብሎ ዕቃውን የሚያገላብጥ ሰው ሁኔታውን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። «ከአስመሳዮች ተጠንቀቁ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን የጋዜጣ አምድ ላይ ከ«ርካሽ» እና ከ«አዲስ» ያላነሰ ይመላለሳል። ሻጩ ከሸቀጡ ጋር ማረጋገጫውን ይሸጣል፤ ከዚያም አልፎ ለማረጋገጫው ማረጋገጫ ይፈልጋል።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በመድኃኒቶቹ ላይ ስለሆነ እዚህ ጥቂት እንቆይ። ቶማስ ሆሎዌይ ቅባቱን ለገበያ ያቀረበው ቪክቶሪያ በነገሠችበት በ1837 ነው፤ ክኒኑ ወዲያው ተከተለ። በ1842 ለማስታወቂያ 5,000 ፓውንድ አወጣ፤ በሞተበት በ1883 የዓመቱ ወጪ 50,000 ፓውንድ ደርሶ ነበር። የአጠቃቀም መመሪያውን በብዙ ቋንቋ አስተርጉሞ፣ መርከብ በሚደርስበት ወደብ ሁሉ ስሙን አስጻፈ። ከትርፉ በለንደን አቅራቢያ ያሠራውን የሴቶች ኮሌጅ በ1886 የመረቀችው ራሷ ንግሥቲቱ ናት። ክኒኑ ለምን በሽታ እንደሆነ ለጠየቀ ማስታወቂያው የጉበት፣ የሆድ፣ የደም፣ የነርቭ እያለ ይዘረዝራል፤ የማያድነውን መዘርዘር ያጥር ነበር። ቢቻም የተባለው የሌላ ሠሪ ክኒን ማስታወቂያ ደግሞ አንዱ ሣጥን አንድ ጊኒ ያወጣል ይል ነበር፤ ጊኒ 21 ሽልንግ ነው። የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ ክኒኑን መርምሮ ሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና እንደሆነ ገለጠ። በ13 ፔኒ ተኩል የሚሸጠው ሣጥን ውስጥ ያለው ቅመም የሚያወጣውን ዋጋም የፋርዚንግ ግማሽ ብሎ ገመተው። ፋርዚንግ የፔኒ አራተኛ እጅ ነው። ሬትን ከልጅነቱ የሚያውቅ አድማጭ ሆድ ማስኬዱን አይጠራጠርም፤ ስለዚህ ክኒኑ ምንም አይሠራም ማለት ስሕተት ነው። ገዢው የከፈለው ግን ለሬቱ አልነበረም።

ክሎሮዳይን የተባለው መድኃኒት ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ጆን ኮሊስ ብራውን በሕንድ ያገለገለ የጦር ሐኪም ነበር፤ ድብልቁን በ1848 እንደፈለሰፈው ይነገራል። ውስጡ የኦፒየም ጭማቂ፣ ካናቢስና ክሎሮፎርም ነበረ። ለኮሌራ፣ ለተቅማጥ፣ ለሳል ተብሎ በሕንድ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ጋዜጦች ለአሥርት ዓመታት ያለማቋረጥ ታወጀ። ፍሪማን የተባለ ተፎካካሪ ፈልሳፊው እኔ ነኝ ብሎ ተነሣ፤ ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ1864 ዳኛው ዊልያም ፔጅ ዉድ ፈልሳፊው ብራውን እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የወጡትን ማስታወቂያዎች ስናይ የዳኛው ስምና ቃል በማስታወቂያው ውስጥ ተሰክቷል፤ ዳኛው ከሞቱ በኋላም ለክሎሮዳይን መመስከራቸውን አላቆሙም። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አለ። ፍርድ ቤቱ የመረመረው ድብልቁን ቀድሞ የሠራው ማን እንደሆነ ነው፤ ድብልቁ ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ አልነካም። የማስታወቂያው አንባቢ ግን «ዳኛ ያረጋገጠው መድኃኒት» ብሎ ያነባል። በእውነተኛነቱ የተመሰከረለት ጠርሙስ በእውነተኛ ኦፒየም የተሞላ ነበር። ማረጋገጫና ደኅንነት አንድ ነገር እንዲመስሉ ያደረገው የአምዱ አጻጻፍ ነው፤ በእኔ ግምት የቪክቶሪያ ዘመን ማስታወቂያ ካስገኛቸው ፍሬዎች ከሁሉ የረዘመ ዕድሜ ያለው ይህ ነው።

በ1890ዎቹ ደግሞ ዳኛው ለጎረቤት ቦታውን ለቀቀ። «የዶክተር ዊልያምስ ሮዝ ክኒን»ን መብት በ1890 የገዛው ካናዳዊው ጆርጅ ፉልፎርድ ነበር፤ ክኒኑ በዋናነት የብረት መድኃኒት ነው። ማስታወቂያው ዜና መስሎ ይጀምራል፤ እከሊት የተባለች፣ የዚህች ከተማ ነዋሪ፣ ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውባት ሳለ፣ እያለ ይቀጥላል፤ የክኒኑ ስም የሚመጣው ታሪኩ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ጋዜጦች ምስክሮቹ የዚያው አገር ሰዎች ሆነው ይቀርባሉ። የመርከቡ ስም ይሰጥ የነበረው ማስረጃ ሊጣራ የሚችል ነበር፤ የሠሪው ፊርማ ቢያንስ ከሌላ ፊርማ ጋር ይነጻጸራል፤ በሠላሳ ማይል ርቀት ላይ ያለች የዳነች ሴት ግን ማንም ተነሥቶ አይጠይቃትም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልሻገር። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፤ የዚያ ዘመን ማስታወቂያ ዋና ነገሩ የግዛት ትዕቢትና ዘረኝነት ሆኖ ሳለ አንተ ስለ ቅቤና ስለ ፊርማ ታወራለህ። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ቶማስ ባራት የመራው የፒርስ ሳሙና ማስታወቂያ በ1880ዎቹ ጎረቤታችን ሱዳን በወረራ ላይ ሳለች፣ የሱዳን ተዋጊዎች ድንጋይ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የሳሙናውን ስም በድንጋጤ ሲመለከቱ የሚያሳይ ሥዕል አውጥቷል። አን ማክሊንቶክ በ1995 ባሳተመችው መጽሐፍ ሸቀጡ ራሱ የዘረኝነት መልእክተኛ እንደሆነ ስትጽፍ እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች ይዛ ነው፤ ስለ ሥዕሎቹ የተናገረችውንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ሥዕሎቹ የወጡት የት ነው? በአብዛኛው በለንደን ሥዕላዊ ሳምንታዊ ጋዜጦች ላይ፣ ጦርነቱን ከእሳት ዳር ሆኖ ለሚከታተል አንባቢ ነው። የቅኝ ግዛቱ ዕለታዊ ጋዜጣ ለረጅም ጊዜ ሥዕል የማያውቅ ግራጫ አምድ ነበር፤ አንባቢውም ስለ ግዛቱ ክብር ከማሰላሰሉ በፊት ጣሳው ውስጥ ያለው ወተት እንዳልተበላሸ ማወቅ ይፈልጋል። ዘረኝነቱ በቅኝ ግዛቱ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበር፣ ሥዕል እየበዛ ሲሄድም በአምዶቹ ታየ። ለንደን ያለውን ማስታወቂያ ብቻ ያየ ሰው ግን የሌጎስን ወይም የቦምቤይን ዕቃ ገዢ አስተሳሰብ አነበብሁ ሊል አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ማስታወቂያ ነጋዴ ሊሸጥ የፈለገውን እንጂ ሰዎች የተጠቀሙበትን አያሳይም፤ ደግሞም ጋዜጣውን የሚያነበው ጥቂት ፈረንጅና ጥቂት የተማረ የአገሬው ሰው ነው፤ ከዚህ በመነሣት ስለ ሕዝብ ኑሮ መናገር አይቻልም ይላል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ፤ እንዲያውም ክርክሬን ያጠናክርልኛል። ማገዶ፣ ከብት፣ ከገበሬ እጅ የሚገዛ እህልና አትክልት በአምዶቹ ላይ ብዙም አይታዩም፤ ገዢው ሻጩን ፊት ለፊት ስለሚያየው ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም። አምዱን የሞላው ከሩቅ የመጣው ነው። ስለ ፍጆታ መጠን ከማስታወቂያ መማር ለሚፈልግ ሰው የጉምሩክ መዝገብ ይሻለዋል። ሁለተኛው ግማሽ ግን የአገሬውን አንባቢ አሳንሶ ያያል። ሌጎስ በ1861 በእንግሊዝ ከተያዘች በኋላ የተነሡት ጋዜጦች ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸውም አዘጋጆቻቸውም አፍሪካውያን ነበሩ፤ በደቡብ አፍሪካም ጆን ቴንጎ ጃባቩ በ1884 «ኢምቮ ዛባንትሱንዱ»ን በኮሳ ቋንቋ ማሳተም ጀምሯል። ከምዕራብ አፍሪካ የሚጫነው የፓልም ዘይት በእንግሊዝ ሻማና ሳሙና ሆኖ፣ ስም ወጥቶለት፣ ወደዚያው ሲመለስ አንባቢው ዋጋውን ያነባል። እነዚህ ሰዎች ማስታወቂያ ሲያዩ ዝም ብለው የሚቀበሉ አልነበሩም። ዴቪድ ብራውን ቪንሰንት ይባል የነበረው የሌጎስ ቄስ በ1894 ስሙን ሞጆላ አግበቢ ብሎ የዮሩባ ልብስ መልበሱ የአውሮፓ ጨርቅ በየአምዱ በሚታወጅበት ከተማ ነው።

በካልካታ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከእንግሊዝ የሚመጣው የሮውላንድ ማካሳር ዘይት የፀጉር ቅባት ገበያውን ለረጅም ጊዜ ይዞ ነበር። ሄመንድራ ሞሃን ቦስ የተባለ ቤንጋላዊ «ኩንታሊን» የሚል የራሱን የፀጉር ዘይት ሠርቶ ለማስታወቂያው አዲስ ዘዴ ፈለገ፤ የአጭር ልብወለድ ሽልማት አቋቋመ። በታሪኩ ውስጥ የዘይቱ ስም መነሣት አለበት፤ ታሪኩ ግን ማስታወቂያ መምሰል የለበትም። በ1896 የመጀመሪያውን ሽልማት ያገኘው ታሪክ ባሕር ላይ የተነሣ ማዕበል አንድ ጠርሙስ ኩንታሊን ሲፈስበት ጸጥ እንዳለ የሚተርክ ነው፤ ደራሲው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ፣ በዚያው ዘመን በሬዲዮ ሞገድ ምርምሩ ስሙ የወጣ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ለስልሳ ዓመት ሙሉ ሻጮቹ ከመርከብ፣ ከፊርማና ከዳኛ ሲለምኑት የኖሩትን እምነት ዘይት ሠሪው ሄመንድራ ቦስ ከአገሩ ሰው ብዕር አገኘው። በነሐሴ 1905 በካልካታ የእንግሊዝ ዕቃ አንገዛም የሚለው የስዋዴሺ ንቅናቄ ሲታወጅ፣ ከለንደን የመጣ መሆን በአምዶቹ ላይ ዋስትና መሆኑ ቀርቶ ገዢን የሚያሸሽ ነገር ሆነ፤ የሕንድ ሠሪዎችም በዚያው አምድ፣ በዚያው ዓይነት ፊደል፣ ዕቃው በአገር ልጅ እጅ የተሠራ መሆኑን ከላይ በትልቁ ማጻፍ ጀመሩ።